ለቀይ ቀለም የተተወው ቦታ

አውቄ ነው የዘለልኩት ወይስ ረስቼ?

ይህን ራሴን ስጠይቅ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። የምሠራው መርሳ ከተማ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ነው። መደርደሪያዬ ላይ አንድ መጽሐፍ ተገልብጦ ከቆመ ከበሩ ላይ ሆኜ ይታየኛል። ተማሪዎች የመለሱትን መጽሐፍ ገጽ በገጽ ገልጬ ሳላይ አልቀበልም፤ ለዚህም በሌለሁበት የሚጠሩኝ ስም አለ፣ አውቀዋለሁ። ስለዚህ «ረስቼ ነው» ብል የሚያውቁኝ አያምኑኝም። እኔም አላምንም። «አውቄ ነው» እንዳልል ደግሞ፣ ያን ቀን እጄ ያደረገውን ሁሉ አስታውሳለሁ፤ ልቤ ያሰበውን ግን ብፈልግ ብፈልግ አላገኘውም።

ነገሩ የመኪና ነገር ነው። ከመኪናው በፊት ግን የእህቴ ነገር ነበር።

እናታችን ስትሞት እኔ ዐሥራ ሁለት ዓመቴ፣ እህቴ አራት ዓመቷ ነበር። አባታችን ሹፌር ናቸው። ሳምንቱን መንገድ ላይ ስለሚያሳልፉ ቤቱ በእኔ እጅ ወደቀ። እህቴ ሰባት ሲሞላት ፀጉሯን ሠርቼ፣ ደብተሯን ለብጄ ትምህርት ቤት ያደረስኳት እኔ ነኝ። እኔ ራሴ አንደኛ ክፍል የገባሁት በማታው ክፍለ ጊዜ ነው፤ ዐሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፣ እሷ ደግሞ አራተኛ ክፍል ደርሳለች። የቤት ሥራዬን የምታርመው እሷ ነበረች።

«እትዬ፣ ይቺን ‹ጨ› እግሯን ሰብረሻታል» ትለኛለች እየሳቀች። «ወጌሻ ይጠራላት?»

እኔም አብሬ እስቃለሁ። ከዚያ እሷ ስትተኛ ያቺን ፊደል አንድ ሙሉ ገጽ እጽፋታለሁ።

በኋላ በዓመት ሁለት ሁለት ክፍል እያለፍኩ ደረስኩባት፤ አለፍኳትም። እሷ ደብተር ስትገልጥ የሚያዛጋት ልጅ ነበረች። ስታነብ ቃል ትውጣለች፤ መምህሮቿ ሁሉ «ዘለልሽ፣ ተመለሽ» ይሏት ነበር። ዐሥረኛ ክፍል ላይ ፈተናው ጣላት፤ እኔ ቀጥዬ ወልድያ ኮሌጅ ገብቼ ዲፕሎማ ያዝኩ። ያኔ ቀን የወጣልኝ መስሎኝ ነበር። አባቴ ምሥክር ወረቀቴን አገላብጠው አዩት፣ «ጎበዝ» አሉ፣ መልሰው ሰጡኝና ወደ ውጪ ተጣሩ፦

«ነይማ አንቺ፣ ይቺን ጎማ እንፍታት!»

የተጣሩት እህቴን ነው።

ሁለቱ ሲነጋገሩ መስማት ነበር የሚያቃጥለኝ። እራት ላይ፣ እንጀራው መሐል ላይ ተቀምጦ፦

«ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሲያቃስት ሰምተሽዋል?»

«ሰምቻለሁ። አራተኛ ላይ ሲገባ ግን ዝም ይላል።»

«አየሽ!»

እኔ ለሠላሳ ዓመት እሳቸው ቤት ስኖር «አየሽ!» ተብዬ አላውቅም። እንግዳ ሲመጣ «ትንሿ ልጄ ጆሮ አላት፤ ሞተሩ ሳይታመም ታውቀዋለች» ይላሉ። እንግዳው ስለ እኔ ከጠየቀ «ትልቋማ ታነባለች» ይላሉ፤ አባባላቸው ‹ትልቋማ ያስላታል› እንደሚል ሰው ነው።

ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ግድግዳው የፈረሰበት፣ አጥሩ የተናደበት ሁሉ መሥራት ጀመረና አሸዋና ጠጠር የሚያመላልስ ሰው ተፈላጊ ሆነ። አባቴ አሮጌዋን የጭነት መኪናቸውን ሸጡ፣ በላዩ ጨመሩና ገልባጭ መኪና ገዙ። እህቴ ያን ጊዜ ለከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ወልድያ እየተመላለሰች ትማር ነበር። ገልባጩ ሲመጣ ጋቢናው ውስጥ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አብሮት መጣ፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሹፌር መመሪያ። አባቴ አገላበጡት፣ ሥዕሎቹን አዩ፣ ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ።

«አንቺ» አሉኝ፣ «ይሄን ታውቂው ይሆን?»

በሕይወቴ ትምህርቴ እንደዚያ ቀን የጠቀመኝ ጊዜ የለም። «አውቀዋለሁ» አልኩ፤ ሳልገልጠው።

ሦስት ወር ፈጀብኝ። ከሥራ መልስ፣ ቅዳሜም እሑድም፣ መዝገበ ቃላቴን በግራ፣ መመሪያውን በቀኝ አድርጌ በትልቅ ደብተር ላይ በአማርኛ ጻፍኩት። የማላውቀውን ብረት ስም ከአባቴ እየጠየቅሁ፣ እሳቸውም የማያውቁትን በሥዕሉ ላይ ጣታቸውን እየጫኑ። አሠራሬ እንዲህ ነበር፦ የምዕራፉን ሐሳብ መጀመሪያ በሰማያዊ እጽፋለሁ። መመሪያው ላይ በሣጥን ውስጥ የተቀመጡትን ማስጠንቀቂያዎች፣ ማለትም ሰው የሚሞትባቸውን ነገሮች፣ በቀይ ነው የምጽፈው። እስክሪብቶ መቀያየር እጄን ስለሚያበላሽብኝ ለቀዩ አራት አራት መስመር ባዶ እየተውኩ አልፋለሁ፤ ምዕራፉ ሲያልቅ እመለስና ባዶዎቹን በቀይ እሞላለሁ።

ያን ሦስት ወር አባቴ የእኔ ነበሩ። ማታ ማታ የጻፍኩትን አነብላቸዋለሁ፤ ወንበራቸውን አስጠግተው፣ ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘንብለው ይሰማሉ። «እንዲህ ይላል እንዴ? ወይ ጉድ!» ይላሉ። ለአርባ ዓመት የነዱት ሰው በእኔ አፍ ሲደነቁ ማየት ምን ያህል ደስ እንደሚል ልነግራችሁ አልችልም። ዋናው የሚያስገርማቸው ፍሬኑ ነበር። አሮጌዋ መኪና የዘይት ፍሬን ነበራት፤ ሞተሯ ቢጠፋም እግር ሲረግጣት ትይዛለች። አዲሱ በአየር ነው የሚሠራው። አየሩ ከጎደለ የኋላ እግሮቹን ጠንካራ ሞላ ጨምድዶ ይይዛቸዋል፣ መኪናውም ካለበት ንቅንቅ አይልም።

«ታዲያ ይሄማ ከሰው ይሻላል» አሉ አባቴ። «ሲደክመው ቆሞ ያርፋል።»

እህቴ ከዳር ሆና ጥርሷን እየፋቀች ትሰማለች። «ይሄን ሁሉ ማን ያነባል፣ እትዬ?» ትለኛለች። ግን አነበበችው። ያለቀውን ምዕራፍ እየተቀበለች፣ በጣቷ እየተከተለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች። ከዚያም እንዳነበበችው አደረገችው፤ ይህ ነው የማልችለው ነገር። ጠዋት ሞተሩን አስነስታ የአየሩ መለኪያ ቀስት ከቀዩ እስኪወጣ ክንዷን መሪው ላይ አስደግፋ ትጠብቃለች። ባለ አሸዋው ከታች «ሂጂ እንጂ፣ ፀሐይ ወጣ!» ቢል «አየሩ አልወጣም» ትለዋለች። በየምሽቱ ከአየር ጋኑ ውኃውን ታፈሳለች። ስታቆም ጎማው ሥር ታኮ ሳታስገባ አትወርድም። እኔ በሦስት ወር የጻፍኩት፣ መንጃ ፈቃዷን በያዘች በሁለት ሳምንት፣ ከእጇ ጋር የተወለደ መሰለ። መርሳ ገበያ ላይ ሰዎች «የገልባጯ ልጅ» እያሉ ጣት ይቀስሩላት ጀመር። የባጃጅ ልጆች መንገድ ይለቁላታል። አንዲት እናት ትምህርት ቤት ድረስ መጥታ «እህቷ አንቺ ነሽ? እንዴት ታድለሻል!» አለችኝ። አመሰገንኳት። ከዚያ ቀኑን ሙሉ አልሠራሁም።

የመጨረሻው ምዕራፍ ስለ መጎተት ነበር።

ያን ቀን ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ሰማያዊውን ጨርሻለሁ። ሞተሩ የሞተ፣ አየሩም ያለቀ መኪና እንዴት እንደሚጎተት ጽፌያለሁ፦ ከማርሽ ሳጥኑ ወደ ኋላ እግር የሚሄደው ረጅም ብረት ይፈታ፣ ከዚያ በየኋላ እግሩ ያለው ቡሎን እየተዞረ ሞላው ይሰብሰብ፣ ጎማዎቹ ነፃ ይሆናሉ። ከዚያ በታች አራት መስመር ባዶ። ቀዩን እስክሪብቶ ከፍቼ፣ ክዳኑን ከኋላው ሰክቼ፣ ሣጥኑ ውስጥ ያለውን አንድ ጊዜ አነበብኩ። ያነበብኩትን ዛሬም በቃሌ እለዋለሁ፦ «ሞላው ከተሰበሰበ በኋላ መኪናው ምንም ዓይነት ፍሬን የለውም። በካቦ ወይም በሰንሰለት ፈጽሞ አይጎትቱ፤ በብረት ዘንግ ብቻ ይጎትቱ።»

ጡሩምባ ተነፋ።

ወጣሁ። እህቴ መሪው ላይ፣ አባቴ ከጎኗ ተቀምጠው በር ላይ ቆመዋል። ከወልድያ ሙሉ ጠጠር ጭና፣ ሲሪንቃን አልፋ፣ ቁልቁለቱን ሁሉ ራሷ አውርዳው መምጣቷ ነው፤ የመጀመሪያዋ ነበር። አባቴ ከጋቢናው እንደ ጎረምሳ ዘለው ወረዱና ጎረቤቱን ጠሩ።

«ስሙልኝማ! ከወልድያ እዚህ ድረስ ሙሉ ጭነት ይዛ ወርዳ አንዴ እንኳ ፍሬን አልሸተተኝም! አንዴ እንኳ! እኔ በአርባ ዓመቴ ስንቴ እንዳጨስኩት እኔ ነኝ የማውቀው።»

«ምን አድርጋ ነው?» አለ አንዱ ጎረቤት።

«ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሹን ቀንሳ ገባቻ! ሞተሩ ራሱ ያዘላት። እግሯን ፍሬን ላይ አላስተኛችውም፤ ነካ ታደርጋለች፣ ትለቃለች። ከማን ተማርሽው አንቺ?»

የደብተሬ ምዕራፍ አራት ነው። በቀይ ነው የጻፍኩት፤ ሦስት ጊዜ አርሜዋለሁ። እህቴ ከላይ ሆና ሳቀች።

«ከእርስዎ ነዋ፣ አባባ! ከማን ይሆናል?»

ያለችው ለማስደሰት ነው፤ ያን ጊዜም አውቄዋለሁ። አባቴ ግን ፊታቸው በራ፤ ከጎረቤት ጎረቤት እየዞሩ ነገሩን ደገሙት። እኔን ያየኝ አልነበረም። ወደ ቤት ተመለስኩ። እስክሪብቶው እንደተከፈተ ነበር። ከደንኩት። ደብተሩንም ከደንኩት። በማግሥቱ በፕላስቲክ ለብጄ ለእህቴ ሰጠኋትና «አለቀ» አልኳት።

ይኸው ነው የማስታውሰው። እጄ ከደነ። አራቱ መስመር ባዶ መሆኑን አየሁ ወይስ አላየሁም? ደብተሩን ስለብጥ ገጾቹን አገላብጫለሁ፤ ሳላገላብጥ የምለብጥ ሰው አይደለሁም። ከዚህ በላይ አላውቅም።

ሁለት ወር አልሞላም። አባቴ ወገባቸውን አሟቸው ተኝተው ነበር። እህቴ ወልድያ አሸዋ አራግፋ ባዶውን ስትመለስ፣ ሲሪንቃን እንዳለፈች ሞተሩ ነዳጅ አልስብ ብሎ ጠፋ፤ አየሩም ቀስ በቀስ አለቀና የኋላ እግሮቹ ተቆለፉ። የደረሰላት የአባቴ ወዳጅ የሆነ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ የነገረንም እሱ ነው።

«ደብተሯን አውጥታ መሬት ላይ ቁጢጥ ብላ አነበበች» አለ። «እኔማ ቀልድ መስሎኝ ‹ኪዳን ልትደርሺ ነው?› አልኳት። እሷ እቴ! ረጅሙን ብረት ፈታች፣ ታኮ አስገባች፣ በየጎማው ሥር እየገባች ቡሎን አዞረች። ወንድ ሜካኒክ እንደዚያ አይሠራም። ከዚያ ‹ካቦ አለህ?› አለችኝ። አለኝ አልኳት።»

በካቦ ማሰር ያስተማሯት አባቴ ናቸው፤ በአሮጌዋ መኪና። ከኋላ ያለው ሰው ፍሬኑን ነካ እያደረገ ካቦው እንዳይላላ ይጠብቃል፤ ሕጉ ያ ነበር፣ በዘይት ፍሬን ደግሞ ይሠራል። ደብተሩም አታድርጊ አላላትም።

ደልዳላው ላይ ደህና ሄዱ። ቁልቁለቱ ሲጀምር ካቦው ላላ፤ ገልባጩ በራሱ ክብደት ወደ ፊተኛው መኪና መሮጥ ጀመረ። እህቴ ፍሬኑን ረገጠች፣ እግሯ ወለሉን ነካ እንጂ የያዘ ነገር አልነበረም። የእጅ ፍሬኑን ጎተተች። ማርሽ አስገባች፤ ረጅሙ ብረት ተፈቷል፣ ማርሹ የሚይዘው ነገር የለም። ሞተር የሌለው መሪ እንደ ድንጋይ ነው። ከፊቷ የነበረው ሹፌር በመስተዋቱ ሲያያት አፏ ተከፍቶ፣ በሁለት እጇ መሪው ላይ ተንጠልጥላ ነበር። ለመንገድ ጥገና የተከመረ ጠጠር በግራ በኩል ነበር፤ ወደዚያ ጠመዘዘችው። ካቦው ተበጠሰ። ገልባጩ ግማሽ ጠጠሩን ወጥቶ ቆመ። የግራ ክንዷ ሁለት ቦታ ተሰበረ፤ የጋቢናው ፊት ወደ ውስጥ ተጨፈለቀ።

«ያቺን ጠጠር ባታያት» አለ ሹፌሩ፣ «እኔም እሷም ዛሬ ወሬ ነበርን።»

ክንዷ በጀሶ ታስሮ ከሆስፒታል በመጣች ማግሥት አባቴ ከአልጋቸው ተነሥተው ተቀመጡ። የፈሩትን ፍርሃት ወደ ቁጣ የሚቀይሩ ሰው ናቸው።

«ፍሬን የሌለው መኪና በካቦ! ቁልቁል!»

«ፍሬን እንደሌለው አላወቅሁማ፣ አባባ። ሞላውን ብቻ ነው የፈታሁት፤ የእግሩ ይሠራል ብዬ።»

«ያለ አየር?»

«ደብተሩ ላይ የለም» አለች።

«የለም?»

«የለም። አንብቤዋለሁ። ሁለቴ አንብቤዋለሁ፣ ይመኑኝ።»

«እህትሽ ፊደል የምትጥል ሰው ናት?» አሉ አባቴ። ድምፃቸው ወረደ። «እህትሽ ነጥብ አትጥልም! በዚህ ቤት ውስጥ በምትሠራው የማትሳሳት አንድ ሰው ቢኖር እሷ ናት። ዘለሽው ነው። ሁልጊዜ እንደምትዘይው።»

ይህን ለመስማት ነበር ዕድሜዬን በሙሉ የጠበቅሁት። ልክ በዚያ ድምፅ፣ ልክ በዚያ ፊት። እህቴ ዞር ብላ አየችኝ፤ ልትማጸነኝ አልነበረም፣ ልትጠይቀኝ እንጂ።

«እትዬ? አለ እንዴ?»

«መመሪያው ላይ አለ» አልኩ።

እውነት ነው፤ መመሪያው ላይ አለ። እንግሊዝኛው ላይ፣ በሣጥን ውስጥ። አንድ ፊደል አልዋሸሁም። አባቴ ግን «ሰማሽ?» አሉና እጃቸውን ዘረጉ፤ እህቴ በጤናማው እጇ ከኪሷ ቁልፉን አውጥታ ሰጠቻቸው። አደጋው ባይደርስ ኖሮ ያን ቁልፍ በዚያ ቤት ውስጥ ማን ሊነጥቃት ይችል ነበር?

በማግሥቱ ከሥራ ቀደም ብዬ ወጥቼ ገልባጩ ወደቆመበት ጋራዥ ሄድኩ። ደብተሩ ጋቢናው ወለል ላይ፣ የመስተዋት ስባሪ ውስጥ ወድቆ ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ማንም የማይነካቸው አሮጌ መዛግብት ጀርባ አስቀመጥኩት። ቀይ እስክሪብቶ በጠረጴዛዬ ላይ ነበር፤ አራቱን መስመር ለመሙላት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አልሞላሁም። ለዚህ ግን ራሴን አላመሰግንም፤ ያልሞላሁት ማንም ስላልጠየቀኝ ነው።

እህቴ አንድ ጊዜ ብቻ «ያ ደብተር የት ገባ?» አለች። «ስባሪው መሐል ጠፍቶ ይሆናል» አልኳት። ይኼኛው ውሸት ነበር።

ገልባጩ ተጠገነ፤ አባቴ ሌላ ሹፌር ቀጠሩ። ደግ ሰው ነው፣ ቸኩሎ ነው የሚነዳው። በቤታችን በር ሲያልፍ የተቃጠለ ፍሬን ሽታ ይመጣል፤ አባቴ አፍንጫቸውን ያዞራሉ፣ አይናገሩም። እህቴ ጀሶው ከወለቀላት በኋላ አንድ ጭማቂ ቤት ተቀጠረች፤ ግራና ከሚባለው አካባቢ የሚመጣውን ማንጎና ፓፓያ ትልጣለች። ከመንገዱ ዳር ስለሆነ መኪና ሲያልፍ ታያለች። አንድ ቀን በዚያ ሳልፍ ደንበኛ ብርጭቆ ይዞ ቆሞ፣ እሷ ቢላዋውን አየር ላይ እንዳነሣች ቁልቁለት የሚወርድ ከባድ መኪና ስታዳምጥ አገኘኋት። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ማርሹን እየቆጠረችለት ነበር።

እና እኔስ? አባቴ ለእንግዳ «ትልቋ ልጄ ነጥብ አትጥልም» ይሉ ጀመር። እኔም እንጀራውን እያቀረብኩ አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ። ጣፈጠኝ ልበል? ጣፈጠኝ። ከጣፈጠኝ በኋላ ግን አፌ ውስጥ የሚቀር ነገር ነበረው፤ እህቴ «እውነት ነው፣ ዘልዬው ይሆናል» ማለት ጀመረች። ራሷን አትጠራጠርም የነበረች ልጅ፣ በሕይወቷ አንድ ጊዜ ሳትዘል ያነበበችውን ገጽ ዘለልኩት ብላ አመነች።

እንዲህ እንዳለን ወራት አለፉ። አንድ ረቡዕ ከሰዓት፣ ተማሪዎቹ ወጥተው፣ የተመለሱ መጻሕፍትን እየደረደርኩ ሳለ እህቴ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ቆመች። ከዚያ ቀን በፊት ገብታ አታውቅም። እጇ የማንጎ ጭማቂ ደርቆበት ነበር፤ መጻሕፍቱን እንዳትነካ ከኋላዋ ይዛዋለች።

«እትዬ፣ ሥራ አስፈታሁሽ?»

«ግቢ። ምነው?»

«ምንም። አንድ ነገር ላስቸግርሽ ብዬ ነው።» ተሽኮረመመች፤ እህቴ ስትሽኮረመም አይቼ አላውቅም። «ማንበብ አስተምሪኝ።»

«ማንበብ ትችያለሽ እኮ።»

«አይ፣ ሳልዘል ማንበብ። እንደ አንቺ። ከዚያ ምናልባት አባባን እጠይቃቸው ይሆናል።» ሳቀች። «ያኔ እኔ ሀሁ አስቆጥሬሻለሁ አይደል? ብድርሽን መልሺ።»

የያዝኩትን መጽሐፍ አስቀመጥኩ፤ የት እንዳስቀመጥኩት እንኳ አላየሁም። ወደ ኋላ ሄጄ ከመዛግብቱ ጀርባ ደብተሩን አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ፣ ከፊቷ፣ የመጨረሻውን ምዕራፍ ገለጥኩላት።

ስታየው አልጮኸችም። እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ተቀመጠች፣ በጣቷ እየተከተለች ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። አንድ ቃል አልዋጠችም። «...ሞላው ይሰብሰብ፣ ጎማዎቹ ነፃ ይሆናሉ» አለች። ጣቷ ወደ ታች ወረደና ባዶው ላይ ቆመ።

«ይቺን አስታውሳታለሁ» አለች። «ቀለም ያለቀብሽ መስሎኝ ነበር።»

«አላለቀብኝም።»

«እዚህ ላይ ምን ነበር?»

በቃሌ አልኩላት። በካቦ ፈጽሞ አይጎትቱ እስከሚለው ድረስ። ጡሩምባውን፣ «ከእርስዎ ነዋ» ያለችውን፣ እስክሪብቶውን መክደኔን፣ ከጋራዡ ደብተሩን መውሰዴን፣ ሁሉን ነገርኳት። ጣቷ ከባዶው ላይ አልተነሣም።

«አውቀሽ ነው?» አለችኝ።

«አላውቅም።»

«እንዴት አታውቂም? አንቺ ሁሉን ታውቂ የለም እንዴ!» ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ከፍ አለ። «እኔ እኮ... ዘለልኩት ብዬ እኮ... ይሄን ሁሉ ጊዜ!» ተነሣች። የምትመታኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። የሰማሁት ግን እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ ሲወረወር ነው።

«ጻፊው።»

በወረወረችው ሰማያዊ እስክሪብቶ ጻፍኩት፤ ቀዩን ከመሳቢያው ላውጣ ማለት አልቻልኩም። አራቱም መስመር ሞላ። ደብተሩን ዘጋችና ብብቷ ሥር አደረገችው።

«ተነሺ» አለች። «ለአባባ ራስሽ ታነቢላቸዋለሽ።»

ባጃጅ አልያዝንም፤ በእግር ሄድን፣ እሷ ከፊት እኔ ከኋላ። አባቴ ግቢው ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጠው ነበር። ቆሜ አነበብኩላቸው፣ ባዶው የነበረበት ስደርስም ባዶ እንደነበር ተናገርኩ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ፤ እንደ ድሮው ጆሯቸውን አዘንብለው። ስጨርስ ለእኔ ምንም አላሉም። ቀና ብለው እህቴን አዩዋት።

«ነገ ጠዋት ከሹፌሩ ቁልፉን ትቀበያለሽ» አሏት። ቀጥለውም ዱካቸውን ጠጋ አድርገው ቦታ ለቀቁላት። «ነይ እስቲ ተቀመጪ። ያን ጊዜ መሪው ሲከብድሽ ወደ ጠጠሩ ማዞሩን እንዴት አሰብሽው? ንገሪኝ።»

እሷም ተቀምጣ መንገር ጀመረች። «አየሽ!» ሲሏት ከበሩ ላይ ሰማሁ፤ እግዜር ይይልኝ፣ ያን ጊዜም ቀናሁ።